አባቴና የኮርማው ልብ

አባቴ በደምቢያ ሜዳ፣ ከኮላ ድባ ገበያ የአንድ ሰዓት መንገድ በሚርቅ መንደር ይኖር ነበር። እንደ ጎረቤቶቹ ሁሉ ገበሬ ነው፤ የሚታወቀው ግን በእርሻው ሳይሆን በእጁ ነበር። ወይፈን ይቀጠቅጣል። ኮርማ ያስቸገረው ወይም አርሶ የደከመ በሬውን ለሥጋ ማደለብ የፈለገ ሰው ሁሉ እሱን ይጠራል። አባቴ ጠፍሩን በትከሻው ላይ ጥሎ ይሄዳል፤ ከብቱን አስተኝቶ፣ እግሩን አስሮ፣ የቆለጡን ሥር በተላገ እንጨት ይቀጠቅጠዋል። ደም አይፈስም፣ ቆዳው አይቀደድም። ከብቱ ጥቂት ቀን ሲያነክስ ይሰነብትና ከዚያ ይረጋል፣ መወጋጋቱን ይተዋል፣ ይሰባል። ከእሱ እጅ ወጥቶ የሞተ ከብት እንደሌለ በአካባቢው ይነገር ነበር። እሱ ግን ሁለት እንደሞቱበት ለእኔ ነግሮኛል።

ሴት ልጅ ሥራው ወደሚሠራበት ቦታ አትደርስም ነበር። ቅርጫ ሲኖር ግን ማንም አይከለክለኝም። ጎረቤቶች ተሰባስበው በሬ ጥለው ሥጋውን ሲከፋፈሉ፣ የሆድ ዕቃውን የሚያወጣው አባቴ ነው፤ እኔ ደግሞ እናቴ በልጅነቴ ስለሞተችብኝ ከእሱ እግር ሥር አልጠፋም። ገበታ ይዤ እቆማለሁ። አንድ ፋሲካ፣ እግሩ የተሰበረ ኮርማና አንድ ተቀጥቅጦ የሰባ ሰንጋ በአንድ ቀን ታረዱ። አባቴ ሁለቱን ልብ አውጥቶ አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ገና ትኩስ ነበሩ።

«የትኛው ይከብዳል?» አለኝ።

«ይሄኛው።»

«እሱ የኮርማው ነው። ኩላሊቱንም እይው፤ ሞራውን ስትልጪው ይበልጣል። የሰንጋው ኩላሊት ትልቅ የሚመስለው ሞራ ስለለበሰ ነው።»

«ሰንጋው ግን ይወፍራል። ምነው ልቡ አነሰ?»

እጁን በሣር እየጠረገ አሰበ። «ፍሬው ሲሄድ አብሮ የሚሄድ ነገር አለ። ምን እንደሆነ እኔ እንጃ። ሲሄድ ግን ውስጡም ያውቃል» አለኝ።

አሥር ዓመት ሲሞላኝ አባቴ ወደ ጎንደር ወስዶ ለእህቱ ሰጠኝ። አክስቴ አራዳ ውስጥ በርበሬና ቅመም የምትሸጥ፣ ልጅ ያልወለደች ሴት ነበረች። በእሷ ቤት አድጌ፣ ተምሬ፣ የነርስነት ትምህርት ቤት ገባሁ። ዘመኑ ጣሊያን ከወጣ ብዙም ያልራቀበት ጊዜ ነው። ትምህርት ቤቱም ሆስፒታሉም ጣሊያን ትቷቸው በሄደ ቢጫ ቤቶች ውስጥ ነበሩ፤ መስኮቶቹ ሰፋፊ፣ ወለሉ ቀዝቃዛ። ነጭ ቀሚሳችንን ራሳችን በስታርች አድርቀን እንተኩሳለን፤ ስንራመድ እንደ ወረቀት ይንሿሿል። ዛሬም ስታርች ሲሸተኝ ያ ኮሪደር ይመጣብኛል።

የሰውነት ክፍሎችን የሚያስተምሩን አንድ የውጭ አገር ሐኪም ነበሩ። ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ጥያቄ ሲጠየቁ መነጽራቸውን አውልቀው የሚያስቡ ሰው። አንድ ጧት ስለ ወንድ ሆርሞን አስተማሩን። ከቆለጥ ይመነጫል፣ በደም ይዞራል፣ ስሙም ቴስቶስትሮን ይባላል አሉ። ጢም እንዲያበቅል፣ ድምፅ እንዲያጎረንን ማድረጉን ሁሉም ያውቃል፤ ነገር ግን ሥራው ከቆዳ በላይ ብቻ አይደለም፤ የልብን ጡንቻ ያወፍራል፣ ኩላሊትን ያሳድጋል። ከፊኛ አንገት ሥር ያለችው ፕሮስቴት የምትባል እጢም የምታድገው በእሱ ነው፤ ሆርሞኑ ሲቋረጥ እሷም ትሟሽሻለች አሉ።

ሳላስበው እጄን አነሣሁ። «አባቴም የኮርማ ልብ ከሰንጋ ልብ ይከብዳል ይላል» አልኩ። «ኩላሊቱም።»

«አባትሽ ሐኪም ናቸው?»

«አይደለም። ወይፈን ይቀጠቅጣል።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አብዛኞቹ ተማሪዎች ወንዶች ነበሩ፤ ሴት ልጅ ያንን ቃል በወንዶች ፊት በመናገሯ ነው ሳቁ። ሐኪሙ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ። ከዚያ፣ «ከእናንተ ውስጥ ሁለቱን ልብ ጎን ለጎን በእጁ ይዞ ያየ አለ?» ብለው ጠየቁ። «እኔም አልያዝኩም» አሉ። «የማውቀው ከመጽሐፍ ነው። አባትሽ ወደዚህ ሲመጡ ላነጋግራቸው እፈልጋለሁ።»

እኔን ግን ሐፍረቱ አልለቀቀኝም። አባቴ የሚሠራውን ደብቄው አላውቅም ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን ሰው ሲጠይቀኝ «ገበሬ ነው» ብቻ እያልኩ አልፍ ጀመር።

ጥር ሊያልቅ ሲል፣ የደምቢያ ጭቃ ደርቆ ማኪና እንደልብ መመላለስ በጀመረበት ጊዜ፣ አንድ ቅዳሜ ከትምህርት ስመለስ አባቴን አክስቴ ቤት አገኘሁት። እህል በጫነ ማኪና መጥቶ ነው። ደረጃው ላይ ቆሟል፤ አይቀመጥም። ፊቱ አመድ መስሏል። ሳመኝና፣ «እህቴን ልያት ብዬ ነው የመጣሁ» አለኝ። አክስቴ ምሳ አቀረበች፤ ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ተወው። ወደ ጓሮ ወጣ፣ ቆየ፣ ተመለሰ። ጥቂት ሳይቆይ ደግሞ ወጣ።

አክስቴ ወደ ማድቤት ጠራችኝና፣ «ከመጣ ጀምሮ እንዲህ ነው። ስጠይቀው ሆዴን ነው ይለኛል። ሆድ አይመስለኝም» አለችኝ።

ለእኔም አልመሰለኝም። በሆስፒታሉ የወንዶች ክፍል ውስጥ እንደዚያ የሚቆሙ ሽማግሌዎች አይቼ ነበር፤ ጎንበስ ብለው፣ አንድ እጃቸውን ከእምብርታቸው በታች አድርገው። ሽንት የተከለከሉ ናቸው። ግን ሴት ልጅ አባቷን «ሽንት እንቢ አለህ ወይ?» ብላ እንዴት ትጠይቃለች? በእኛ ቤት ያ ቃል በእኔና በእሱ መካከል ተነስቶ አያውቅም። ጓሮው አጥር ሥር ቆሞ አገኘሁት፤ አጠገቡ ቆምኩ። ሁለታችንም ወደ አጥሩ እናያለን።

«አያ» አልኩት፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲያ ነበር የምጠራው። «በሬ ሽንት ሲከለከል ምን ይሆናል?»

«ምነው ጠየቅሽኝ?»

«ለትምህርቴ ነው።»

«ይነፋል» አለኝ። «ጭራውን ያወራጫል። መሬቱን በእግሩ ይመታል። መተኛት አይሆንለትም።»

«ጠብ የሚልለት ነገር የለም?»

«ጠብ ጠብ ይላል። እሱ ግን አያሳርፈውም።»

«ስንት ቀን ይችላል?»

«ሁለት ቀን፣ ቢበዛ ሦስት። ከዚያ ውስጡ ይፈነዳል።»

«ይሄኛውስ» አልኩት፣ «ስንት ቀኑ ነው?»

ከአጥሩ ላይ አንድ ቅጠል ቀጥፎ በጣቱ አሸው። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞር፣ «ከትናንት ጧት ጀምሮ» አለኝ።

«ታዲያ ይሄኛው ወደ ሆስፒታል ይሂድ አያ። የሚያስተነፍሱለት ሰዎች አውቃለሁ። ወንዶች ናቸው፤ እኔ ከክፍሉ አልገባም።»

«እንዲያ ከሆነ ይሂድ» አለ።

ጋሪ ጠራሁ። እንዲቀመጥ ብንለምነው እንቢ አለ፤ የጋሪውን ጎን በሁለት እጁ ጨብጦ ቆሞ ሄደ። ድንጋይ ላይ በወጣን ቁጥር ዓይኑን ይጨፍናል። አንዴም ወይ አላለም። ሆስፒታሉ ስንደርስ ተረኛ የነበረው የሐኪም ረዳት፣ ድሬሰሩ፣ ዕድሜው የገፋ ዝግ ያለ ሰው፣ አንድ ጊዜ አይቶት ወደ ውስጥ ወሰደውና በሩን ዘጋ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቀረሁ። ቀጭኑ የጎማ ቱቦ እንዴት እንደሚገባ በትምህርት ስለማውቅ፣ እያንዳንዱን ደረጃ በልቤ አብሬ እቆጥራለሁ። ከዚያ ውሃ በቆርቆሮ ባልዲ ላይ ሲወርድ ሰማሁ። ረጅም ጊዜ ወረደ። ከበሩ ኋላ የአባቴ ድምፅ፣ «ተመስገን፣ ተመስገን» ሲል መጣ። ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ። ቀሚሴ ላይ ያለው ስታርች በእንባ ረጠበ።

በማግስቱ ሐኪሙ መጡ። አልጋው ጎን ወንበር ስበው ተቀመጡና እኔን አስተርጓሚ አደረጉኝ። እኔ ደግሞ እዚያ ላይ ተያዝኩ። በእንግሊዝኛ የማውቀውን ነገር በአማርኛ፣ ለዚያውም ለአባቴ፣ የምናገርበት አፍ አልነበረኝም።

«ከፊኛህ ሥር ያለች እጢ አድጋ የሽንቱን መንገድ ዘግታዋለች ይላሉ» አልኩት። «ያሳደጋት ከ... ከዚያ የሚመነጭ፣ በደም የሚዞር ነገር ነው።»

«ከየት የሚመነጭ?»

መሬት መሬት አየሁ።

«ቆለጥ በይ፣ ልጄ» አለኝ ረጋ ብሎ። «ምን ያሳፍርሻል? ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁበት ነው።»

ሐኪሙ ምን እንዳለ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ያን ጊዜ የትኛው አባት እንደሆነ ገባቸው፤ መነጽራቸውን አወለቁና ወንበሩን አቀረቡ። ከዚያ በኋላ የሁለቱ ሰዎች ወሬ እንጂ የሐኪምና የበሽተኛ ወሬ አልነበረም፤ እኔም መሐል ሆኜ መላላክ ብቻ ሆነ ሥራዬ።

«ልብን የሚያከብደውም ይኸው ነገር ነው?» አለ አባቴ።

«እሱ ራሱ ነው። ኩላሊትንም።»

«ታዲያ እኔ የቀጠቀጥኳቸው እንዲህ ያለ በሽታ አይዛቸውም ማለት ነው?»

«ይቺ እጢ አታድግባቸውም።»

አባቴ በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ። «ጠጠር ግን ይይዛቸዋል» አለ። «ሽንት በጠጠር ሲዘጋ ያየሁት ከኮርማው ይልቅ በተቀጠቀጠው ነው። በልጅነቱ የተቀጠቀጠ መንገዱ ይጠባል።»

ይህን ስተረጉም ሐኪሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። እውነት ነው አሉ። አባቴ ቀጠለ፤ «ጠይቂያቸው እስቲ። እኔንስ ቢቀጠቅጡኝ ትሟሽሻለች?»

ልተረጉመው አልፈለግኩም። «ጠይቂያቸው እንጂ» አለኝ። ጠየቅኩ። ሐኪሙ አልሳቁም። ድሮ እንዲያ ያደርጉ የነበሩ ሐኪሞች በአገራቸው እንደነበሩ፣ አንዳንዱ እንደተሻለው፣ አሁን ግን እጢዋን ብቻ ማውጣት እንደሚቻል አስረዱ።

«እንዲያ ከሆነ እጢዋን ያውጡ» አለ አባቴ። ከመጣ ወዲህ ፈገግ ሲል ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነበር። «እኔ ስቀጠቅጥ ከብቱን ጠይቄው አላውቅም። እኔን ጠየቁኝ፤ ሸጋ ሰው ናቸው።»

ደሙና ኩላሊቱ እስኪስተካከል ቱቦው እንደገባለት ቀናት ቆየ፤ ከዚያ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ኦፕራሲዮን ሆነ። አክስቴ የቅመም ሱቋን ዘግታ ከበሩ ውጭ ሣሩ ላይ ተቀመጠች፤ እኔ እንድሠራ ወደተመደብኩበት የሕፃናት ክፍል ሄጄ የሠራሁትን አላስታውስም። ሲያልቅ ሐኪሙ አስጠሩኝ። እጢዋን በእናሜል ሳህን ላይ አስቀምጠው አሳዩኝ። ለወጣት ሰው የትንሽ ሎሚ ያህል ናት፤ የአባቴ ብርቱካን አክላ ነበር።

አባቴ ሕመሙ ረገብ ሲልለት እሷን ማየት ፈለገ። ሐኪሙ አላስቀየሙትም፤ ሳህኑን አስመጡለት። እንደ ቅርጫው ቀን መዳፉ ላይ አድርጎ ከፍ ዝቅ አደረጋት።

«የእኔ ናት?»

«ያንተ ናት አያ።»

«ስታድግ አልነገረችኝም» አለና መለሳት። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ፣ «ነግራኛለች እንጂ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ስትነግረኝ ነበር። እኔ ነኝ ለማንም ያልተናገርኩ» አለኝ። ሦስት ዓመት ማለቱን ያን ጊዜ ገና መስማቴ ነው። በእነዚያ ዓመታት ለበዓል ስሄድ፣ ማታ ማታ ስንት ጊዜ ከደጅ እንደሚመላለስ አይቼ፣ ከብቶቹን ሊያይ ነው ብዬ አስብ ነበር።

ሊወጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሐኪሙ አንድ ነገር አሰቡ። ከቄራ የኮርማና የሰንጋ ልብ፣ ኩላሊትም አስመጡ፤ የትኛው የማን እንደሆነ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። አባቴን ጋቢውን አልብሰን ወደ ክፍላችን አመጣነውና ከጠረጴዛው ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥነው። እነዚያው የሳቁብኝ ተማሪዎች ከበውታል። እኔ ከኋላ ቆሜያለሁ። ቢሳሳትስ እያልኩ ነበር።

አልቸኮለም። መጀመሪያ ልቦቹን አላነሣም፤ ኩላሊቶቹን አገላብጦ ሞራ የተላጠበትን ቦታ በአውራ ጣቱ ዳበሰ። ከዚያ ልቦቹን አንድ ባንድ አነሣ። «ይህ ኮርማ ነው። ይህ ሰንጋ ነው» አለ። ትንሽ አስቦ ጨመረ፤ «ሰንጋው ግን ዘግይቶ ነው የተቀጠቀጠ። አርሷል። በወይፈንነቱ ቢቀጠቀጥ ልቡ ከዚህ ያንስ ነበር።»

ሐኪሙ ትክክል ነው አሉ። ስለ ዘግይቶ መቀጥቀጡ ግን እሳቸውም አያውቁም ነበር፤ ያመጣላቸውን የቄራ ሰው አስጠርተው ጠየቁት፤ አዎ፣ ብዙ ዓመት ያረሰ በሬ ነበር አለ። ተማሪዎቹ አልሳቁም። አንዱ፣ ያን ቀን ከሁሉ በላይ የሳቀው፣ ኩላሊቱን በእጁ እንዲያስይዘውና እንዲያሳየው አባቴን ለመነው።

አባቴ ግን አልጨረሰም ነበር። «አንዲት የጎደለች ነገር አለች» አለ። «ከአንገቱ ሥር፣ ደረቱ መግቢያ ላይ ያለች ነጭ ለስላሳ ሥጋ። ጥጃ ሲታረድ ትልቅ ናት። ኮርማ ሲሆን ትጠፋለች። የተቀጠቀጠው ላይ ግን ትቆያለች። ሁሉም ነገር በኮርማው ይበልጣል፤ እሷ ብቻ ናት በተቀጠቀጠው የምትበልጥ።»

ተረጎምኩ። ሐኪሙ መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው፣ ይህቺ እጢ የወንድ ሆርሞን ሲመጣ እንደምትሟሽሽ፣ ሆርሞኑ ሲቀር እንደምትቆይ፣ ይህን ከመጽሐፍ አንብበው ለእኛ ማስተማር ግን እንደረሱ ተናገሩ። «ዛሬ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ጻፉ» አሉን። ጻፍን። የአባቴ ቃል በደብተሬ ላይ በእንግሊዝኛ ሲሰፍር ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከክፍሉ ይዤው ስወጣ፣ ኮሪደሩ መሐል አረፍ አለና፣ «አፍረሽብኝ ነበር ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። እንዴት እንዳወቀ አላውቅም፤ ምናልባት አክስቴ ነግራዋለች። «አዎ አያ፤ ጥቂት ጊዜ» አልኩት። «እኔም ባንቺ ፊት አፍሬ ልሞት ነበር» አለኝ። ክንዴን ይዞ ወደ አልጋው ተመለሰ።

ወደ ደምቢያ ከተመለሰ በኋላ የሆነውን ግን ማናችንም አላሰብነውም። አባቴ ማውራት ጀመረ። ያ ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም ያለ ሰው፣ በሠርግ ቤትም፣ በማኅበርም፣ ለቅሶ ላይም፣ በዕድሜው ካሉ ወንዶች አጠገብ ሲቀመጥ፣ «አንተስ እንዴት ትሸናለህ?» እያለ ይጠይቅ ገባ። መጀመሪያ ተቆጡት። አንዱ አባቴ አብዷል ብሎ ለአክስቴ መልእክት ላከባት። ከዚያ አንዱ፣ ከሰው ራቅ ብሎ፣ በዛፍ ሥር አነጋገረው። ከእሱ በኋላ ሌላው መጣ። መንገዱ ሲደርቅ በየጊዜው ከእህሉ ማኪና ላይ ሁለትም ሦስትም ሽማግሌዎች ይዞ ይወርዳል። እኔ ያን ጊዜ ተመርቄ በዚያው ሆስፒታል እሠራ ነበር። አባቴ ከፊት፣ እነሱ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከኋላ፣ ግቢውን ሲያቋርጡ በመስኮት አያለሁ። በሁሉም ሰው ፊት ድምፁን ሳይቀንስ፣ «እነዚህም የእኔው በሽታ ነው ያለባቸው» ይለኛል። ሁሉም አልዳኑም። ዘግይተው የመጡ ነበሩ፤ ኩላሊታቸው የተጎዳ። የአንዱን አስከሬን አባቴ ራሱ ይዞ ወደ አገሩ ተመልሷል። ያ ግን አላስቆመውም።

ካመጣቸው ሁሉ የማልረሳቸው የደብራቸውን መሪጌታ ነው፤ ዜማ የሚያስተምሩ፣ ድምፃቸው ሜዳውን የሚያዳርስ ሰው ነበሩ። በማኅሌት መሐል ደጋግመው መውጣት ስላለባቸው ሁለት ዓመት ከቅኔ ማኅሌቱ ቀርተው ነበር። ኃጢአቴ ነው ብለው፣ ንስሐ ገብተው፣ ሱባዔ ይዘው፣ ለሰው ሳይናገሩ። አባቴ እንዴት እንዳሳመናቸው ጠየቅኩት። «ኃጢአት ቢሆን ኖሮ በሰንጋውም ላይ በሆነ ነበር አልኳቸው» አለኝ። ሳቁ አሉ፤ ከዚያ ማኪናው ላይ ወጡ።

ታክመው በሰላም ተመለሱ። የዚያን ዓመት የጥምቀትን በዓል ተከትሎ አባቴ ጎንደር መጣ፤ አክስቴ ቤት፣ ያኔ በታመመ ጊዜ መቀመጥ ባቃተው በዚያው ደረጃ ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ አወራኝ። መሪጌታው በደብራቸው ማኅሌት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መቋሚያቸውን ይዘው ቆሙ። አባቴ በደጀ ሰላሙ በኩል ሆኖ አንድም ጊዜ ዓይኑን ከቅኔ ማኅሌቱ በር አልነቀለም።

«እግዜር ይቅር ይበለኝ እንጂ፣ ጸሎቱን አልሰማሁትም» አለኝ። «አሁን ይወጣሉ፣ አሁን ይወጣሉ እያልኩ በሩን ነበር የማየው። አልወጡም።»